«የለም» ማለትን ያልተማረ ፈላጊ፤ በቦርን ሼል የኮከብ ሕግ ላይ የቀረበ ሒስ

በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚሠራ ሰው የፋይሉን ሙሉ ስም ሳይጽፍ በአብነት መፈለግ እንደሚችል የታወቀ ነው። በአብነት ውስጥ ኮከብ (*) ማናቸውንም ያህል ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት (?) አንድ ፊደል ብቻ፣ የማዕዘን ቅንፍ ደግሞ በውስጡ ከተዘረዘሩት ፊደሎች አንዱን ይተካል። ስለዚህ «ደብዳቤ*» ብሎ የጻፈ ሰው ስማቸው በዚህ ቃል የሚጀምረውን ፋይሎች ኹሉ ጠራ ማለት ነው። የዘዴውን ጥቅም የሚክድ የለም። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ለአብነቱ የሚስማማ ፋይል ሲታጣ ሼሉ ምን ይመልሳል የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 የወጣው የመጀመሪያው ዩኒክስ ሼል አብነትን ራሱ አይፈታም ነበር፤ ሥራውን የሚሰጠው ግሎብ ለተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው። ግሎብም ከተሰጡት አብነቶች ለአንዳቸውም የሚስማማ ፋይል ካጣ፣ የሚስማማ የለም ብሎ ያስታውቃል እንጂ ትእዛዙን አያስፈጽምም ነበር። በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ግን ሥራውን ወደ ራሱ ወስዶ ሕጉንም ለወጠ፤ ይኸውም የሚስማማ ፋይል ያጣው አብነት እንደ ተጻፈ ሆኖ ይተላለፍ አለ። ይህን ሕግ ፖዚክስ የተባለው ደንብ አጽድቆታል፤ ባሽም ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር በዚሁ ይሄዳል።

የዚህ ሕግ ጉዳት በስክሪፕት ውስጥ ይገለጣል። በአንድ ፎልደር ያሉትን ደብዳቤዎች እየዞረ የሚቈጥር ስክሪፕት ተጻፈ እንበል። ፎልደሩ ባዶ ሲሆን ዙሩ «ደብዳቤ*» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ፋይል ስም ተቀብሎ አንዴ ይሠራል፤ ስለዚህ ምንም በሌለበት 1 አለ ብሎ ይመሰክራል።

የሕጉ ደጋፊዎች፣ አብነቱን በትእምርተ ጥቅስ ሳንከት ወደ ሌላ ፕሮግራም ለማሳለፍ ይረዳናል ይላሉ። ይህ ግን በእኛ አስተያየት ጥቅም ሳይሆን ወጥመድ ነው። በፋይንድ ፕሮግራም በንኡሳን ፎልደሮች ኹሉ ለመፈለግ «ደብዳቤ*» ያለ ጥቅስ ቢጻፍ፣ በቆምንበት ፎልደር የሚስማማ ፋይል እስከሌለ ድረስ ሥራው ይሳካል። አንድ ፋይል ከተገኘ ሼሉ አብነቱን በዚያ ስም ይተካና ፋይንድ ሌሎቹን ኹሉ ይዘላቸዋል፤ ኹለት ከሆኑ ደግሞ ትእዛዙ በስሕተት ይቆማል። ዛሬ የሠራ ትእዛዝ ነገ አንድ ፋይል ስለ ተጨመረ ብቻ ቢያሳስት፣ ጸሓፊው ምክንያቱን ከወዴት ያገኘዋል?

መድኃኒቱም ከጉድለት ነፃ አይደለም። ባሽ ናልግሎብ በተባለው ምርጫ ያልተስማማውን አብነት ጨርሶ ያጠፋዋል። ይህ ለቈጠራው ዙር መልካም ነው፤ ነገር ግን ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ አብነቱ ሲጠፋበት የፎልደሩን ይዘት ኹሉ ይዘረዝራል። ከዚህ ይልቅ ፌይልግሎብ የተባለው ምርጫ ሲታጣ ስሕተት መሆኑን አስታውቆ ትእዛዙን ስለሚያስቀር ወደ ጥንቱ ሕግ ይመልሰናል። የቦርንን ሕግ በሚከተል በማናቸውም ሼል ለሚሠራ ስክሪፕት ግን በዙሩ ውስጥ ፋይሉ በእውነት መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል።

በአማርኛ ስም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይጠብቀዋል። «ፀሐይ*» ብሎ የፈለገ፣ «ጸሀይ» ተብሎ የተቀመጠውን አያገኝም፤ ሼል መልክን እንጂ ድምፅን አያውቅምና ያለውን የለም ይለዋል። ስለዚህ «[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ*» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝም የሼሉ የቋንቋ ቅንብር ለዚሁ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ከዚህ ኹሉ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ነው። የቦርን ሼል በብዙ ነገር ከቀዳሚው የላቀ ቢሆንም በዚህ አንድ ነጥብ ቀዳሚው ይሻል ነበር። የፈላጊ ታማኝነት የሚፈተነው ባገኘ ጊዜ ሳይሆን ባጣ ጊዜ ነውና፣ ስክሪፕት የሚጽፍ ተማሪ ኹሉ ሥራውን በሞላ ፎልደር ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በባዶ ፎልደር ይፈትነው።