ስለ ቦምብ ጣዮች ጦር የተጻፈ አንድ የመንግሥት ታሪክ

መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ የሚያጽፈው የጦርነት ታሪክ ብዙውን ጊዜ አንባቢን ያሰለቻል፤ የጄኔራሎቹ ስም በማዕርግ ተራ ይደረደራል፤ ድሉ ሁሉ አስቀድሞ የታሰበበት ይመስላል፤ ስሕተቱም በአየር ጠባይ ይሳበባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ማተሚያ ቤት የወጣው፥ ሰር ቻርልስ ዌብስተርና ዶክተር ኖብል ፍራንክላንድ በጀርመን ላይ ስለ ተደረገው የአየር ማጥቃት የጻፉት ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋለን።) ዌብስተር በለንደን የታሪክ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት በዚያው ዓመት ዐረፉ። ፍራንክላንድ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በእነዚሁ ቦምብ ጣዮች ላይ አቅጣጫ መሪ ሆነው የበረሩ ናቸው። አንዱ ከመዝገብ፥ ሁለተኛው ከሰማይ የመጡ ናቸው ብንል አላጋነንም።

በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ የከተሞች መቃጠል አይደለም፤ አንድ ታላቅ ጦር እንዴት እንደ ተደራጀ፥ ማን ማንን ያዝዝ እንደ ነበረ፥ የላይኛውም ሹም የታችኛውን ሥራ በምን ያውቅ እንደ ነበረ ነው። የቦምብ ጣዮቹ ጦር በ1936 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲቋቋም፥ ስኳድሮኖች በግሩፕ፥ ግሩፖችም በአንድ ጠቅላይ አዛዥ ሥር ሆኑ። በወረቀት ሲታይ እንከን የለውም። ነገር ግን በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት በሌሊት የተጣለው ቦምብ የት እንደ ወደቀ ለማወቅ ዋናው ማስረጃ የበራሪዎቹ ቃል ነበር።

በኦገስት 1941 ዓ.ም. ቡት የተባለ ወጣት ሲቪል ሠራተኛ ከ600 የሚበልጡ ፎቶግራፎችን መርምሮ ራፖር አቀረበ። ዒላማውን መታን ካሉት አይሮፕላኖች መካከል አምስት ማይል ያህል እንኳ የቀረበው ከሦስት አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፋብሪካ በሞላበት በሩር አገር ላይ ደግሞ ከዐሥር አንዱ። አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከፎቶግራፍ ያወጣው ቁጥር የአዛዦችን ቃል ሲገለብጥ ማየት በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ለምንኖር ለእኛ ጥቂት ደስታ ይሰጠናል፤ ይህንም አንሸሽግም።

ደስታው ግን አይቆይም። ፋብሪካውን መምታት ካልተቻለ በዙሪያው ያለውን ከተማ መምታት ይቻላል ተባለ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1942 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ዋናው ዒላማ የጠላት ሕዝብ፥ ይልቁንም የፋብሪካ ሠራተኛው ሞራል እንዲሆን አዘዘ። ይህን ቃል አንባቢያችን ያስተውለው፤ ሞራል የተባለው በቤቱ ተኝቶ የሚያድር ሰው ነውና። ጸሐፊዎቹ ትእዛዙ ይጠቅም እንደ ሆነ በብዙ ገጽ ይመዝናሉ፤ ይገባ እንደ ሆነ ግን በጥቂቱ ብቻ ነክተው ያልፋሉ።

በዚያው ወር ጠቅላይ አዛዥ የሆኑት ሰር አርተር ሃሪስ፥ በሜይ መጨረሻ ኮሎኝን ከሺህ በላይ በሆነ አይሮፕላን ለመምታት ከማሠልጠኛ ክፍሎች ሳይቀር ሰበሰቡ። መጽሐፉ ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው ከእኚህ ሰው ጋራ የተደረገውን ክርክር ሲተርክ ነው። በ1944 ዓ.ም. መገባደጃ የአየር ኃይሉ ኤታ ማዦር ሹም ሰር ቻርልስ ፖርታል ነዳጁ ይቅደም ሲሉ፥ ሃሪስ ከተሞቹን ለመተው አልወደዱም። ደብዳቤው ወራት ፈጀ። በጃንዋሪ 1945 ዓ.ም. ሃሪስ ከሥራ ልሰናበት ቢሉ ፖርታል አልተቀበሏቸውም። የየሌሊቱን ዒላማ እንደ አየሩ ሁኔታ የሚመርጠው የበታቹ ከሆነ፥ የበላዩ ትእዛዝ እስከ ምን ይደርሳል? ጸሐፊዎቹ ማስረጃውን በግልጽ ዘርግተዋል፤ ፍርዱን ግን ከዚህ የበለጠ ጠንክረው ሊሰጡት ይገባ ነበር እንላለን።

መጽሐፉ እንደ ወጣ አንዳንድ ጋዜጦች የጦሩን ክብር ነካ ብለው ተቈጡ። የጸሐፊዎቹ መደምደሚያ ግን የአየር ማጥቃቱ ብዙ ዘመን ሳይሳካ ቆይቶ በመጨረሻ ለድሉ ወሳኝ እርዳታ አድርጓል የሚል ነው። እኛ የምንነቅፈው ሌላ ነው። ከ125,000 ያህል በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል፤ በ1943 ዓ.ም. በሐምቡርግ ብቻ በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አልቋል። ከእነዚህ ከሁለቱም ወገን የሰው ድምፅ በእነዚህ ቅጾች ውስጥ እምብዛም አይሰማም።

አራቱን ቅጽ ለማንበብ ጊዜ የማይበቃው መምህር ከመጨረሻው ይጀምር። የቡት ራፖርና የፌብሩዋሪው ትእዛዝ በአንድ ጥራዝ ታትመዋል።