የባሕር ሙላትና ጉድለት በአማርኛ፦ በቃላት አመራረጥ ላይ የቀረበ ሒስ

የውቅያኖስ ውሃ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት ወደ ዳርቻው እየሞላ መምጣቱንና መልሶ መጉደሉን ለመግለጽ በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ዘወትር የሚሠራበት ቃል «ማዕበል» ነው። አንዳንድ ጊዜም «ሞገድ» ይተካዋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ አጠቃቀም የማያስኬድበትን ምክንያት ካስረዳን በኋላ፣ በእኛ አስተያየት የተሻለ ነው የምንለውን ስያሜ ከነጕድለቱ እናቀርባለን።

«ማዕበል» ሲባል የአማርኛ ተናጋሪ የሚረዳው ነፋስ የቀሰቀሰውን፣ ታንኳ የሚያናውጥ፣ የሚያስፈራ ውሃ ነው። «ሞገድ» ደግሞ ተከታትሎ የሚመጣውን የውሃ እጥፋት የሚያመለክት ሲሆን፣ ከዚያ ተወስዶ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለራዲዮ የፊዚክስ ቃል ሆኗል። አሁን የምንነጋገርበት ክስተት ግን ነፋስ አይፈጥረውም። በዝግታ ይመጣል፤ በዝግታ ይመለሳል፤ ሰዓቱም ከዓመታት በፊት ተሰልቶ በሰንጠረዥ ይታተማል። ብሪታኒያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ይህንኑ ስሌት የሚሠራ መሣሪያ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1872 ነበር። ማዕበል የሚነሣበትን ሰዓት ከዓመት በፊት የሚናገር ሰንጠረዥ ግን የለም።

ክስተቱ በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ እጅግ ረጅም ሞገድ ተብሎ ይመደባል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው፤ ላፕላስ በ18ኛው መቶ ዓመት የቀመራቸው እኩልታዎች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የአንድ ነገር ሳይንሳዊ ምድብ የግድ መጠሪያው መሆን የለበትም። ድምፅ በሞገድነት ቢመደብም ስሙ ያው ድምፅ ነው።

የተርጓሚዎቻችን ችግር በስያሜው ብቻ አይወሰንም፤ በማብራሪያውም ላይ ይታያል። «ጨረቃ የባሕሩን ውሃ ወደ ራሷ ስለምትስበው ይሞላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የጉዳዩን እኩሌታ ብቻ ይነግረናል። እንዲህ ከሆነ በብዙው ጠረፍ ባሕሩ በቀን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ለምን ይሞላል? ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 መልሱን የመሠረተው በስበት ልዩነት ላይ ነው። የጨረቃ ስበት ለእርሷ ቅርብ በሆነው የምድር ገጽ ላይ ይበረታል፤ በምድር እምብርት ላይ መካከለኛ ነው፤ በስተጀርባ ባለው ገጽ ላይ ይደክማል። በዚህ ልዩነት ሳቢያ ውሃው በሁለቱም ወገን ያብጣል፤ ምድርም ከሁለቱ እብጠቶች በታች ትዞራለች። ጨረቃ ራሷም ወደፊት ስለምትጓዝ ዙሩ የሚሞላው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለውም 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ያልፋል። የፀሐይ ክብደት የጨረቃን 27 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ቢበልጥም ርቀቷ 390 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ባሕርን በማስነሣት ረገድ ያላት ኃይል ከጨረቃ ኃይል እኩሌታ እንኳ አይደርስም። እንግዲህ «ልዩነት» የሚለውን ቃል የዘለለ ተርጓሚ ትምህርቱን ራሱን ዘልሎታል ማለት ነው።

ቃል በቃል መተርጐም ያስከተለው ሌላው ስሕተት «የፀደይ ማዕበል» የሚለው ሐረግ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ምድር በአንድ መሥመር ሲውሉ፣ ማለትም በሠርቀ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን፣ ሙላቱ ከወትሮው ይልቃል፤ ጉድለቱም ከወትሮው ይወርዳል። እንግሊዝኛው ይህን «ስፕሪንግ ታይድ» ይለዋል። እዚህ ላይ «ስፕሪንግ» የመጣው መዝለልንና መፈናጠርን ከሚያመለክተው ግስ እንጂ ከወቅቱ ስም አይደለም። ክስተቱ በየወሩ ሁለት ጊዜ፣ በክረምትም በበጋም የሚደርስ ሆኖ ሳለ፣ የአማርኛው አንባቢ በፀደይ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል።

ከሁሉ የከፋው መደባለቅ «ታይዳል ዌቭ» በሚለው አሳሳች የእንግሊዝኛ ስም በኩል የገባው ነው። ይህ ስም በልማድ ለሱናሚ ይነገር ነበር፤ ሱናሚ ግን ከጨረቃ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004) በሱማትራ አጠገብ ከባሕር በታች የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ውሃ ከ220,000 በላይ ሰዎችን ሲያጠፋ፣ እስከ ሶማሊያ ጠረፍ ድረስ ደርሶ ሰው ገድሏል። በብዙ ስፍራ ውሃው ከመምጣቱ አስቀድሞ ባሕሩ በድንገት ወደ ኋላ ሸሽቶ ወለሉ ተገልጦ ነበር። የዘወትሩ ጉድለት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሱናሚ ሽሽት ግን በደቂቃዎች ይፈጸማል፤ ይህን የለየ ሰው ወደ ከፍታ ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። ሦስቱንም ነገሮች «ማዕበል» በሚል አንድ ቃል የሚጠራ መማሪያ መጽሐፍ ይህን ማስጠንቀቂያ በምን ቃል ሊያስተላልፍ ይችላል?

ሌሎች ቋንቋዎች እንዴት እንደተወጡት መመልከት ይጠቅማል። የእንግሊዝኛው «ታይድ» በጥንቱ ቋንቋ «ጊዜ» ማለት ነበር፤ ጀርመንኛውም ስያሜውን ከ«ጊዜ» ወስዷል። ዐረብኛ ደግሞ «መድ» እና «ጀዝር» በሚሉ ሁለት ተቃራኒ ቃላት መዘርጋቱንና መመለሱን ለይቶ ይጠራል። አማርኛም ተቃራኒ ጥንድ ከራሱ ጓዳ ያገኛል። ወንዝ «ሞላ»፣ ወንዝ «ጎደለ» እንላለን፤ ስለዚህ «የባሕር ሙላት» እና «የባሕር ጉድለት» ማንም ሳያስረዳው የሚገባቸው ስሞች ናቸው።

ይሁንና ሁለት እንቅፋቶች አሉባቸው። አንደኛ፣ «ሙላት» ብቻውን ሲቆም የወንዝን ደራሽ ውሃ ያስታውሳል፤ «ሙላት ወሰደው» ሲባል የሚታወሰን ክረምት ነው። ስለሆነም «የባሕር» የሚለው ዘርፍ በመጀመሪያ አጠቃቀም ላይ መቅረት የለበትም። ሁለተኛው ይረቃል። በቋንቋችን ውሃ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ሁሉ ጨረቃም ትሞላለች፤ ትጎድላለች። ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩ ይሞላል፣ ስትጎድልም ይጎድላል ብሎ ሊደመድም ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ በሙሉ ጨረቃ ዕለትም ባሕሩ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጉድለቱም በዚያ ሰሞን ይብሳል። ጨረቃ ፈጽማ በማትታይበት በሠርቅም እንዲሁ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን በፍችው ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

ከግእዝ «ምልአተ ባሕር» እና «ሕጸተ ባሕር» ብሎ ማውጣት ይህን መምታታት ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ለብዙ አንባቢ ሲገባ ሁለተኛው ማብራሪያ ይጠይቃል። ጥንድ ቃል ደግሞ በአንድ እግሩ ብቻ አይቆምም። በሙላትና በጉድለት መካከል እየተሸፈነ ለሚገለጠው መሬት ግን የጣና አካባቢ ገበሬዎች «ባሕር ሸሽ» የሚሉት ስም ይገኛል። የጣና ውሃ የሚሸሸው በዝናብ ወቅት መለዋወጥ እንጂ በጨረቃ ስላልሆነ፣ ቃሉን ስንወስድ «የዕለት ባሕር ሸሽ» ብለን ልንለየው ይገባል። ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር እንስሳት፣ ትሎችና ሸርጣኖች የሚኖሩበት፣ ስደተኛ ወፎችም የሚመገቡበት መሬት በመሆኑ፣ ስም አልባ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ባሕር የሌለው አገር ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል የሚል አይጠፋም። በ1ኛው መቶ ዓመት ገደማ በግሪክኛ የተጻፈውና የኤርትራ ባሕርን ጉዞ የሚተርከው የመርከበኞች መምሪያ፣ የአዱሊስን ንግድ በገለጸበት መጽሐፍ ውስጥ፣ በህንድ ባሪጋዛ ወደብ ባሕሩ በኃይል እየሞላና እየጎደለ መርከቦችን እንደሚያሰጥም ያስጠነቅቃል። ቀይ ባሕር ራሱ ለትምህርት የተመቸ ምሳሌ ነው፦ በምፅዋ ልዩነቱ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በመካከሉ በፖርት ሱዳን አካባቢ ከነአካቴው የለም ለማለት ይቻላል። በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን ወደ 16 ሜትር ይደርሳል። በፈረንሳይ የራንስ ወንዝ አፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመረቀው ጣቢያ በዚሁ ውሃ ኃይል 240 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታነጸ ነው። ኢትዮጵያውያን ዛሬም በንግድ መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ የአገሪቱም ዕቃ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። መርከብ ወደብ የሚገባበት ሰዓት የሚወሰነው ደግሞ ከሥሩ ባለው የውሃ ጥልቀት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለክስተቱ በጠቅላላው «የባሕር ሙላትና ጉድለት»፤ በሠርቅና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ለሚደርሰው «ዐቢይ ሙላትና ጉድለት»፤ ጨረቃ በግማሽ በምትታይበት ሰሞን ለሚሆነው፣ ልዩነቱ ለሚያንሰው፣ «ንኡስ ሙላትና ጉድለት» ይባል። «ሱናሚ» እንደ ተለመደው በራሱ ስም ይጠራ። «ማዕበል» ደግሞ ለነፋሱ ውሃ ይመለስ፤ እዚያ የሚተካከለው ቃል የለም።