ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት

የመኪና በር ድምፅ መከላከያ መለጠፍ ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው። የበሩ ሽፋን ይፈታል፣ ጥቁሩ ላስቲክ ይለጠፋል፣ ሽፋኑ ይመለሳል። ባለመኪናው በሩን ሲዘጋ የሚሰማው የታፈነ ወፍራም ድምፅ ደስ ያሰኘዋል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ሥራው በትክክል የሚመዘነው ግን ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። የበሩ ታችኛ ጠርዝ ዝጎ እንደሆነ፣ መስታወቱ ሲወርድ የሚፍቀው ነገር እንዳለ፣ ለሌላ ጥገና በሩን የከፈተው መካኒክ የቀደመውን ሠራተኛ ያመሰገነው ወይም ያማረረው እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። እንጀራዬ በዚህ ሥራ ነውና መናገር የምፈልገው ስለዚህ ከሽፋን ጀርባ ስለሚቀር ክፍል ነው።

የመኪና በር ሁለት ላሜራ ነው። የውጪው ሰፊና ስስ ነው፤ በአብዛኞቹ የዛሬ መኪኖች ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የውስጠኛው ላሜራ ደግሞ መስታወት ማውጫውና የበሩ ቁልፍ የሚገቡባቸው ትላልቅ ቀዳዳዎች አሉት። በሁለቱ መካከል መስታወቱ ይወርዳል፤ የጎን ግጭትን የሚመክተው አግዳሚ ብረትም እዚያው ነው። የውስጠኛው ላሜራ ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ይሸፈናሉ፤ ክንዳችንን የምናሳርፍበት ሽፋን የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመቁረጤ በፊት የውጪውን ላሜራ በጣቴ አንጓ አንኳኳለሁ። ጠርዙ ላይና አግዳሚው ብረት አጠገብ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው። ወደ መሃል ስመጣ ላሜራው ይጮኻል፣ ጩኸቱም ይቆያል። ከበሮ የሚመታ ሰው ድምፁን ለማቆም መዳፉን ቆዳው ላይ ያሳርፋል እንጂ ከበሮውን በጨርቅ አይጠቀጥቀውም፤ የበሩም ነገር እንደዚያ ነው። የሚያስፈልገው የሚንቀጠቀጠውን ቦታ አግኝቶ እዚያ ላይ ማረፍ ነው። ጥሩው መከላከያ ከስር የሚያጣብቅ የቡታይል ላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ ጠንካራ የአሉሚኒየም ፎይል አለው። ላሜራው ሲርገበገብ ላስቲኩ በብረቱና በፎይሉ መካከል ይጎተታል፤ በዚያ መጎተት ውስጥ ንዝረቱ ወደ እጅግ ጥቂት ሙቀት ተለውጦ ይሞታል። ፎይሉ ለጌጥ የገባ አይደለም። እንደ ከረሜላ መጠቅለያ የሳሳ ከሆነ ላስቲኩን የሚይዝለት ነገር ስለሌለ ሥራው በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህን የተረዳ ሰው ብዙ ቁሳቁስ አያባክንም። ከሚጮኸው መሃል ጀምሬ የላሜራውን ሩብ ያህል ሸፍኜ ስመታው ጩኸቱ በአብዛኛው ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ቁራጭ ጥቅሙ እያነሰ፣ ክብደቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡታይል በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የበሩ ማጠፊያ ነው፤ ሸክሙን የሚጨምርበት ሰው በምክንያት ሊጨምር ይገባል።

ደንበኞቻችን ብዙ ጊዜ «ድምፅ» የሚሉት አንድ ነገር አይደለም። ላሜራው ሲጮህ መድኃኒቱ ቡታይል ነው። የሚንቋቋ ሽቦ፣ የላላ ክሊፕ፣ ከብረት ጋር የሚጋጭ የቁልፍ ዘንግ ሲሆን ግን ቡታይል ምንም አያደርግለትም፤ ሽቦውን በጨርቅ ቴፕ መጠቅለል፣ የተሰበረውን ክሊፕ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መቀየር ነው። ሦስተኛው በአየር የሚመጣው የውጪ ድምፅ ነው። እሱን የሚያግደው ክብደት ያለውና ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ ነው። ስሌቱ እንደሚለው የአንድ ግድግዳ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ነገር ግን ከግድግዳው ከመቶ አንድ እጁ ክፍት ቢሆን፣ የቀረው የቱንም ያህል ቢወፍር ግድግዳው ከ20 ዴሲቤል በላይ ማገድ አይችልም። ስለዚህ የደረቀና የተሰነጠቀ የበር ጎሚኒ (የበሩን ዙሪያ የሚዘጋው ላስቲክ) ባለው መኪና ላይ ውድ መከላከያ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው። ጎሚኒውን እዩ፤ እሱ ይቅደም።

አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ደንበኛ ቪትዝ ይዘው መጡና «ልጄ፣ አራቱን በር ሥራልኝ፤ የጎማው ድምፅ እንዳይሰማኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ የጎማው ድምፅ የሚመጣው ከወለሉና ከጎማው ጉድጓድ ነው። በሩን ብሠራልዎ በሩ ይረጋል፣ ሙዚቃውም ያምራል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ጎማው መጮኹን አይተውም» አልኳቸው። ለደንበኛ ይህን አስቀድሞ መንገር የሥራው አካል ነው። ሰው ያልተነገረውን ሲጠብቅ የተሠራለትን አያይም።

ለሙዚቃ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ከሌላው የበለጠ የሚጠቀምበት ምክንያት አለ። ስፒከር ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል አየር ወደ ኋላም ይገፋል። የውስጠኛው ላሜራ ቀዳዳዎች ክፍት ከሆኑ የኋላው ድምፅ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀራል። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ በሩ የስፒከር ሳጥን ይሆናል፤ ያው አሮጌ ስፒከር የቤዙን ድምፅ አጥርቶ ያወጣል። አዲስ ስፒከር ከመግዛት በፊት ይህን እንዲሞክሩ ሁልጊዜ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት እሱ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም መኪናው ላቫጆ ሲገባ ውኃ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ፋብሪካው አስቦበት ከበሩ ሥር የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አስቀምጧል። የውስጠኛውን ላሜራ ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ፕላስቲክም ያለው ለዚሁ ነው። ወደ ሽፋኑ ሊመጣ የነበረውን ውኃ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ የታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ውስጥ ታጥፎ የሚገባውም ስለዚህ ነው። ፕላስቲኩን ቀዶ የጣለ፣ መውጫውን በላስቲክ የዘጋ ሰው ዝገትን በገዛ እጁ ጋብዟል። በሩን በፍራሽ ስፖንጅ የሚጠቀጥቁም አሉ። ያ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ የአዲስ አበባን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ ሆኖ ላሜራው ላይ ተኝቶ ይከርማል። ከቀለሙ ስር ብቅ ያለው ዝገት በዓይን ሲታይ ከውስጥ ብረቱ አልቋል። ስፖንጅ የግድ ካስፈለገ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ፣ ውኃ የማይመጠው ዓይነት ይሁን፤ እሱም ከመስታወቱ መንገድ ይራቅ።

የቁሳቁሱም ነገር ከአየሩ ጋር ይያያዛል። ለጣሪያ የሚሸጠውን ካትራም በርካሽ ገዝቶ የሚለጥፍ አለ፤ ከላይ ፎይል ስላለው ቡታይል ይመስላል። መኪናው ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሰመራ ወርዶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ካትራሙ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ከላሜራው ተላቆ መስታወት ማውጫው ላይ ይወድቃል። ፋብሪካዎች ራሳቸው ካትራም ያለበት ምንጣፍ በወለሉ ላይ ይጠቀማሉ፤ እነሱ ግን በቀለሙ ምድጃ ውስጥ ከብረቱ ጋር አቅልጠው ያጣብቁታል፣ ወለሉም የተኛ ነው። በአንጻሩ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ቡታይሉንም ያጠነክረዋል። በዚያ ሰዓት ላሜራውን በሞቀ አየር ለብ ሳላደርገው አልለጥፍም።

ከመለጠፍ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ማጽዳት ነው። በአገራችን መንገድ የቆየ በር ሲከፈት ውስጡ አቧራና የደረቀ ጭቃ አለበት። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ይጸዳል፤ ቤንዚን ቅባት ጥሎ ስለሚሄድ አይሆንም። የተለጠፈውን ላስቲክ በሮለር ጥርስን ነክሶ መጫን ያስፈልጋል፤ ከስሩ የቀረ አየር ካለ ላስቲኩ ብረቱን አልያዘውም ማለት ነው። የፎይሉና የላሜራው ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት ይደረግ። ሽፋኑም በካቻቢቴ ተፈልቅቆ አይነሳም፤ ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አለ፣ ክሊፖቹንም ያድናል።

ቀጥሎ በሩን ወደፊት የሚከፍተውን ሰው ማሰብ ይገባል። መስታወት ማውጫ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ትልቁን ቀዳዳ በቡታይል ብቻ ደርቤ ብዘጋው ያ መካኒክ በቢላ እየቀደደ ሊገባ ነው። እኔ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ በልኩ ቆርጬ፣ ጠርዙን በቡታይል አጣብቄ በብሎን አስረዋለሁ። ሲፈለግ ተፈትቶ ይመለሳል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ አለ፤ በአንዳንዶቹ በር ውስጥ የጎን ኤርባግን የሚቀሰቅስ የአየር ግፊት ሴንሰር ይገኛል። እሱን መሸፈን ወይም የበሩን ውስጥ መሙላት በግጭት ሰዓት የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ነው። እንደዚህ ባለ መኪና ላይ ባትሪውን ሳልነቅልና ጥቂት ደቂቃ ሳልቆይ ሶኬት አልነካም፤ የፋብሪካውንም መሸፈኛ እንዳለ እተወዋለሁ።

ይህ ሙያ ከዚህ በኋላ በጣም ይፈለጋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪኖች እየሞላ ነው። ሞተሩ ዝም ሲል ቀድሞ የማይሰማው የላሜራ ጩኸትና የክሊፕ መንቋቋት ሁሉ ይሰማል፤ ባለቤቶቹም ወደ እኛ ይመጣሉ። ወጣቶች ሥራውን ሲማሩ ከመለጠፍ በፊት ማንኳኳትን፣ ከመዝጋት በፊት የውኃውን መንገድ መፈለግን እንዲማሩ እመኛለሁ።

ለባለመኪኖችም አንድ ቃል አለኝ። ሥራውን የምታዩበት ዕድል ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነውና ተጠቀሙበት። «በሩን ክፍት እንዳለ አሳየኝ» በሉ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከፋም። መስታወቱን እስከ ታች አውርዳችሁ መልሱት፤ የሚፍቀው ነገር አለመኖሩን ስሙ። ከዚያ መስታወቱን ዘግታችሁ አንድ ጠርሙስ ውኃ በላዩ ላይ አፍስሱ። ውኃው ከበሩ ሥር ጠብ ጠብ ሲል ካላያችሁ ሽፋኑ እንዲገጠም አትፍቀዱ።