አብሮ መቀመጥ መለየት ነውን?

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ምሁር ዶክተር ቢቨርሊ ዳንኤል ታተም እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ጥቁር ልጆች በካፍቴሪያው ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጡት ለምንድን ነው? ይላል። ደራሲዋ ስፔልማን የተባለውን፣ በ1881 በአትላንታ ለጥቁር ሴቶች የተመሠረተውን ኮሌጅ ከ2002 እስከ 2015 መርተዋል። ውድ አንባብያን፣ «ይህ ለደብረ ማርቆስ ሙስሊም ቤተሰብ ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። ሴት ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ግን ጥያቄውን በቅርብ ያውቀዋል።

በአገራችን ሥጋ በቀረበ ቀን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለየብቻ ቢመገቡ ማንም አይገረምም፤ የእርዱ ነገር የታወቀ ነውና። ሽሮ በቀረበ ቀን ሒጃብ የለበሱ እህቶቻችን አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲታዩ ግን «ራሳቸውን ለምን ያገላሉ?» ይባላል።

የታተም መልስ፣ አብሮ መቀመጡ ማረፊያ እንጂ ጥላቻ አይደለም የሚል ነው። የዊልያም ክሮስን የ1971 ትምህርት ተከትለው እንደሚያስረዱት፣ ወጣት ስለ ማንነቱ ብዙ ሳያስብ ይቆይና አንድ ቀን እንደ ባዕድ የሚያሳየው ነገር ይገጥመዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሳይነግረው የሚረዳውን ጓደኛ ይፈልጋል። ልቡ ሲረጋ ደግሞ ማንነቱን ሳይጥል ከሁሉም ጋር ይኖራል። ይህ ለእኛም ልጆች እውነት ነው። «አንቺ እኮ እስላም አትመስዪም» የምትባል ተማሪ አለች። ተናጋሪዋ ያሞገሰቻት ይመስላታል። ሰሚዋ ግን «ታዲያ እስላም ምን ይመስላል?» እያለች ታድራለች።

ይሁንና መጽሐፉ ለእኛ የሚጎድለው ነገር አለ። ሃይማኖትን ከማንነት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ቢቆጥርም፣ ዋናው ጉዞው በዘርና በቆዳ ቀለም ላይ ነው። ጥቁሯ አሜሪካዊት ቀለሟን አታወልቀውም። የጎጃም ሙስሊም ልጅ ግን መልኳም ቋንቋዋም የጎረቤቷ ስለሆነ፣ ስሟን አሳጥራ፣ ሻሿን ጥላ መደበቅ ትችላለች። ፈተናዋም ይኸው ነው። ደብቆ የኖረ ሰው ደግሞ የደበቀውን ነገር ቀስ በቀስ እንደ ነውር መቁጠር ይጀምራል።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር፤ በገዛ አገራቸው እንደ እንግዳ ማለት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ እኩልነትን የጠየቁት በአደባባይ ወጥተው እንጂ ተደብቀው አልነበረም።

ታተም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ስለ ማንነት ከሕፃንነት ጀምሮ እንዲነጋገሩ ይመክራሉ። ከመጽሐፉ ልንወስደው የሚገባን ይህንን ነው። በብዙ ቤታችን ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ የምትሰማው «አደራ፣ ተጠንቀቂ» የሚለውን ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻውን ፍርሃትን እንጂ ክብርን አያስተምርም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕፃንነታቸው የተንከባከበችው ኡሙ አይመን ሐበሻዊት እንደነበረች፣ እሳቸውም እንደ እናት ያከብሯት እንደነበር የነገርናት ስንቶቻችን ነን? ይህንን አውቃ የሄደች ልጅ ከእህቶቿ ጋር ብትቀመጥ አታፍርም፤ ክርስቲያን ጓደኛዋ ጠረጴዛ ብትሄድም ራሷን አታጣም።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችን ገና በጉያችን ሳሉ አብረናቸው እንቀመጥ። ወላሁ አዕለም።