ተራራውን አይተው ጎተራውን ያላዩ ጽሑፎች

ስለ ስሜን የሚወጡ ጽሑፎች መልካቸው ተለምዷል። መጀመሪያ ራስ ደጀን ይመጣል፤ ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑ ይነገረናል። ቀጥሎ ዋልያው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በየተራ ይሰለፋሉ። ሰው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ነጭ ለብሶ፣ ታቦት አጅቦ፣ እልል እያለ። ከዚያ «ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይና ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው» ይባልና ነገሩ ያበቃል። ዳባትና ደባርቅ በዚህ ሁሉ መካከል ከጎንደር 75ና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙ ማረፊያዎች እንጂ ሰው የሚወለድባቸው፣ የሚበደርባቸውና የሚቀበርባቸው ከተሞች አይመስሉም።

ተራራ መወደሱን የሚጠላ የለም። የዚህ ሂስ ጥያቄ ሌላ ነው። በዓልን ከዘወትር ኑሮ ነጥሎ የሚያሳይ ጽሑፍ በዓሉንስ ቢሆን በእርግጥ አሳይቷል ወይ? የእኔ መልስ አላሳየም ነው። ልብሱን አሳየ እንጂ ለባሹን አላሳየም።

ጥምቀትን እንውሰድ። ለካሜራ የሚመቹት ታቦት የሚወርድበት ጥር 10፣ ውኃ የሚረጭበት ጥር 11 እና የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ጥር 12 ናቸው። ይሁን እንጂ የደጋው ጥር ለምን እንዲህ እንደሚደምቅ የሚነግረን ገብሱ ነው። ገብስ ክረምቱን ጠጥቶ ያድጋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ በበሬ ይበራያል። ጥር ሲገባ አውድማው ተጠርጓል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ በሬው አርፏል፣ መንገዱ ደርቋል፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልያዘም። ሠርግ በዚህ ወር የሚበዛው ወሩ ስላማረ ሳይሆን ከመከሩና ከጾሙ መካከል የተረፈው ክፍተት እሱ ስለሆነ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁሉም ጸሐፊ ይጠቅሰዋል። ቀሚሱ በስንት ቁና ገብስ ወይም በየትኛው በግ እንደተገዛ ግን የሚጠይቅ የለም።

ቡሄ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ነሐሴ 13 የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አሮጌው እህል ሊያልቅ ተቃርቦ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ነው። እናት ለጅራፍ አጩዋሂ ልጆች የምትሰጣት ሙልሙል ከጎታው ታች ተጠርጎ ከወጣ ዱቄት የተጋገረች ልትሆን ትችላለች። ይህን ያላወቀ ጸሐፊ ሙልሙሏን «ጣፋጭ ባህላዊ ዳቦ» ይላታል። ያወቀው ግን በጭንቅ ወር ለጎረቤት ልጅ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከዓመት በዓላቱ ይልቅ የባላገሩን ኑሮ የሚያዝዙት ወርኃዊዎቹ ናቸው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። «በዓል ሽሮ የከበረ የለም» ይባላልና በእነዚህ ቀናት ሞፈር አይጨበጥም። የተማረው ሰው ይህን ሲሰማ «የባከነ የሥራ ቀን» ብሎ ይቆጥራል። ነገር ግን ጽዋ የሚጠጣው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሚቀጥለው ደቦ ለማን እንደሚወጣ የሚመከረው በእነዚሁ ቀናት ነው። በአንጻሩ ልማዱን ሁሉ መሳምም ሂስ አይሆንም። ለተዝካር በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮ ደግሶ በማግስቱ የሰው በሬ የሚለምን አባወራ የባህሉ አካል ነው። ድግሱን ጽፎ ዕዳውን የዘለለ ጸሐፊ ግማሹን ደብቋል።

ይህን አካባቢ በመጻሕፍት ያሰፈሩ የውጭ ሰዎች አሉ። ፍሬደሪክ ሲሙንስ የተባለው አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጌምድርንና ስሜንን አጥንቶ በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱና ስለ ገበያው ብዙ ይነግረናል። ጎተራውን ካዩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጉድለቱ ሰዎቹ በነገድና በሃይማኖት ተመድበው እንጂ በየራሳቸው ድምፅ አለመናገራቸው ነው። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻና በ1967 መጀመሪያ ጆክ ከተባለ በቅሎዋ ጋር ስሜንን አቋርጣ፣ በ1968 የጉዞ ማስታወሻዋን አውጥታለች። በባላገር ጎጆ አድራለች፣ ጠላውን ቀምሳለች፣ ቁንጫውን አልደበቀችም። ትልቁ በጎነቷ ዘወትሩን ማየቷ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን ስላልያዘች አስተናጋጆቿ በገጾቿ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እጃቸው ይታያል እንጂ ነገራቸው አይሰማም። ክላይቭ ኒኮል የስሜን ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 ሠርቷል፤ ስለዚያው ጊዜ በጻፈው መጽሐፉ ገበሬውን የሚያየው በዋልያው በኩል ነው። ደን የሚመነጥር፣ የሚያድን፣ መከልከል ያለበት ሰው ይሆንበታል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ዋልያው እየመነመነ ነበርና። ሆኖም ገደል አፋፍ ላይ ገብስ የሚዘራ ሰው ለምን እዚያ እንደደረሰ መጠየቅ የዋርደን ሥራ ባይሆን እንኳ የጸሐፊ ሥራ ነው።

እኛስ? በአማርኛ ልብ ወለድ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አባት አለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መቼቱ ጎጃም ቢሆንም ባላገሩ ለባላባቱ የሚከፍለውን ግብርና መብል ከነምሬቱ ያሳየናል፤ ከተለመደው በላይ ሲጠየቅም ያምፃል። እዚያ ድግስ ማን እንዳበላውና ማን እንደበላው ተለይቶ ይታወቃል። ዛሬ በየበዓሉ ዋዜማ የምናነባቸውና የምናያቸው ዝግጅቶች ግን ዶሮው ከየት እንደመጣ አይነግሩንም።

ነገሩ የቃላት ጣጣ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው የግጭ ታሪክ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የስሜን ተራሮችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መስፈርቱ የተፈጥሮ ብቻ ነበር፤ መልክዓ ምድሩና እንስሳቱ ተቆጠሩ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የእርሻና የግጦሽ ጫናው እንዲቀንስ ተጠየቀ። በ2008 ዓ.ም በፓርኩ ውስጥ የነበሩት ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በማግስቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለሣሩና ለዋልያው ደግ ሆኖ ይሆናል፤ በዚያ ላይ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ገብስ እየዘራ፣ በግ እያረባ፣ ይልቁንም በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ መንደር መሆኑ ነው። ስለ ስሜን በዓላት ያነበብኳቸው የጉዞ ገጾች ዓረፋን አያነሱም። ከበረቱ በግ ያወጣ የነበረ አባወራ ደባርቅ ላይ በጉን ከገበያ ሲገዛ በዓሉ ያው በዓል ነው? ክርስቲያን ጎረቤቱ ሲድር ለሙስሊም እንግዳው ለብቻው የሚያሳርደው በግስ ወግ አብሮ ወደ ከተማ ወርዷል? ይህን ሳንጽፍ መንደሩ ባዶ ሆነ።

ግጭ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ስሜን እስከ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ የቤተ እስራኤል ነገሥታት ምሽግ ነበረች። ከዚያም በኋላ ቤተ እስራኤል በስሜንና በወገራ ማረሻ እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ሸማ እየሸመኑ ኖረዋል። የክርስቲያኑ የገና ጠላ የሚጠመቅበት ጋን፣ ገብሱን ያበቀለው ማረሻ የእነርሱ እጅ ሥራ ነበር፤ ምስጋናው ግን «ቡዳ» መባል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ተራራ ወጥተው የሚጸልዩበት ስግድ ዛሬ በእስራኤል ሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው፤ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ተደንግጓል። እኛ ዘንድ ግን በዓሉም ሸክላ ሠሪዋም ከአካባቢው የበዓል ዝርዝር ወጥተዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ጦርነቱ አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳያልፍ እንቁጣጣሽ ሆነ። በአገራችን ወግ ሐዘን የገባበት ቤት በዚያ ዓመት በዓል አያከብርም፤ ጎረቤት እንጀራና ወጡን ይዞ ይመጣል። መንደሩ ሁሉ ሐዘንተኛ ሲሆንስ ማን ለማን ያመጣል? የጎብኚ መምሪያ ለዚህ ቦታ የለውም። ሥነ ጽሑፍ ግን ሊኖረው ይገባል፤ በዓል በሌለበት ዓመት የበዓል ትርጉሙ ይበልጥ ይታያልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዛሬ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከግጭ የወረዱት ሽማግሌዎችም ብዙዎቹ ከግቢው ብዙ ሳይርቁ ይኖራሉ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያው ስለ ራስ ደጀን ሌላ ገጽ ከሚጨምር ይልቅ አንዲት እናት ዘንድ ሄዶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በበዓሉ ዋዜማ ጎታው ውስጥ ምን ነበር? ለማን አካፈላችሁ? በማግስቱ ምን ቀረ? መልሱን በእሳቸው ቃል ይጻፈው። የእሳቸው ዕድሜ ካለፈ በኋላ ጥያቄውን የሚመልስ ተራራ የለም።