አንድ ወረቀት በሁለት ቋንቋ፤ ስለ ሲሬ የሕዝብ ቅስቀሳ ጽሑፎች

በአርሲ ደጋ፥ ከአሰላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በሲሬ፥ ስለ ክትባት፥ ስለ አፈር ጥበቃ ወይም ስለ ንጹሕ ውሃ ሕዝቡን ለማንቃት የሚነሣ ማኅበር አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «በምን ቋንቋ እንጻፍ?» የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ክብር ጥያቄ ይቈጥሩታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በንባብ በኩል ነው፤ ይኸውም ወረቀቱ የደረሰው ሰው ሊያነበው ይችላልን?

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ስላደረገ፥ በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የገባ የአርሲ ልጅ ማንበብን የተማረው በአማርኛ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኦሮምኛም ቢያስተምር የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ ቁቤ፥ ማለት የላቲን ፊደል፥ ተመረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች ቋንቋውን በዚሁ ይማራሉ።

የቁቤን ምርጫ አንነቅፍም። የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ፥ «ሶዳ» ተብሎ ሲጻፍ «ፍርሃት» ይሁን «አማች» አንባቢው መገመት ነበረበት፤ በቁቤ ግን ሁለቱ ይለያሉ። ነገር ግን ከዚህ ለውጥ የተነሣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት አንባቢ ተገኘ። አባት አፉን የፈታው በኦሮምኛ ሆኖ የሚያነበው የግዕዝ ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ቁቤን አቀላጥፋ እያነበበች የአማርኛ ጽሑፍ ይከብዳታል።

እንግዲህ «ኦሮምኛ ብቻ ይበቃል» የሚሉትም «አማርኛ ሁሉም ይሰማል» የሚሉትም መስማትን ከማንበብ ጋር አደባልቀዋል። የመጀመሪያው ወረቀት የገዛ ቋንቋው የሆነውን አባት ያልፈዋል፤ ሁለተኛው ልጅቱን፥ ከእርሷም ጋር አማርኛ የማትሰማውን አያቷን ያልፋል። ሁለቱን ቋንቋ የያዘ አንድ ወረቀት ግን ከዚያ ቤት ሲገባ አባትም ልጅም ያነቡታል፤ ማንበብ ለማትችለው አያትም ልጅቱ በኦሮምኛ ታሰማታለች።

ይሁን እንጂ ሁለት ቋንቋ መደርደር ብቻውን አይበቃም። አንዱን በቢሮ ጽፎ ሌላውን ቃል በቃል መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ምክር መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረው ቢረቀቁ፥ ሳይታተሙም በፊት ለሽማግሌዎችና ለእናቶች ቢነበቡ ይሻላል። ከሁለቱ አንዱ በጥቃቅን ፊደል ከግርጌ የሚጣል መሆን የለበትም። በብሪታንያ የዌልስ ሕዝብ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የመንግሥት አገልግሎት ዌልሽንና እንግሊዝኛን በእኩልነት እንዲያይ ማስደረጉ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

«ወጪው ይበዛል» ለሚሉን መልሳችን ቀላል ነው፤ ወረቀት ሁለት ገጽ አለው። የክትባቱን ቀን ባለማንበቧ ልጇን ሳታስከትብ የቀረች እናት የምትከፍለው ግን ከማተሚያ ቤት ሒሳብ ጋር አይመዛዘንም።