ቤተ መዘክርና አፍ ያወጣው መዝገብ

የአንድ ቤተ መዘክር ሀብት በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕልና በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠው ቅርስ ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ አንድ የመዝገብ ጽሑፍ አለ፤ ይኸውም የዕቃውን ስም፣ የሠሪውን ማንነት፣ የተሠራበትን ዘመን፣ ልኩንና ወደ ቤተ መዘክሩ የገባበትን መንገድ የሚናገር ነው። ይህ መዝገብ ለብዙ ዘመን የባለሙያዎች መሣሪያ ሆኖ ኖረ፤ ጎብኚው ግን ከሥዕሉ አጠገብ ከተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት በቀር ሌላ አያይም ነበር። ዛሬ መዝገቡ ራሱ አፍ አውጥቶ መናገር ጀምሯል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ረዳቶች ከታላላቅ ቤተ መዘክሮች የኢንተርኔት መዝገብ ጋራ እየተገናኙ፣ ጠያቂው በፈለገው ቋንቋ ሲጠይቃቸው ስለ ሥዕሉ ይተርኩለታል። ይህም አዲስ ሥራ እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ ሊመረመርና ሊተች የሚገባው ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ መልካሙንም ጉድለቱንም ለመመዘን እንሞክራለን። ለምሳሌ በይበልጥ የምንወስደው በአምስተርዳም ከተማ የሚገኘውን ራይክስሙዚየምን ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቤተ መዘክሩ መዝገቡን ለሰው ዓይን ብቻ ሳይሆን ለኮምፒዩተርም እንዲነበብ አድርጎ በኢንተርኔት ይከፍታል። ራይክስሙዚየም ይህን በር ቀድመው ከከፈቱት አንዱ ነው፤ በ2012 ራይክስስቱዲዮ የተባለውን ገጹን ሲያወጣ የ125,000 ያህል ዕቃዎችን ምስል ማንም ሰው እንዲወስድና እንዲጠቀምበት ፈቀደ። በኒው ዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክርም በ2017 የደራሲነት መብት የማይጠብቃቸውን ሥራዎች ምስል ያለ ክፍያ ለሕዝብ ለቀቀ። ከዚያም በ2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ረዳቶቹ ከውጭ ካሉ መዛግብት ጋራ የሚነጋገሩበትን፣ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለውን የጋራ ሥርዓት ለሁሉ ክፍት አድርጎ አወጣ። በዚህ ሥርዓት ተጠቅመው ከቤተ መዘክሮቹ ውጭ ያሉ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ረዳቶቹን ከሁለቱም መዛግብት ጋራ የሚያገናኙ ድልድዮችን ሠሩ። ጠያቂው «ሬምብራንት ራሱን የሣለባቸውን ሥዕሎች አሳየኝ» ቢል፣ ረዳቱ ቃሉን ወደ ፍለጋ ለውጦ ለመዝገቡ ይልካል፤ መዝገቡም የሥዕሉን ስም፣ ዘመኑን፣ ቁጥሩንና የምስሉን አድራሻ ይመልሳል፤ ረዳቱ ደግሞ ይህን ተቀብሎ በተቃና ዐረፍተ ነገር ይተርካል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ቀላል አይደለም። ራይክስሙዚየም አንድ ሚሊዮን ያህል ዕቃዎች ሲኖሩት በአዳራሾቹ ለዕይታ የሚቀርቡት ግን 8,000 ገደማ ብቻ ናቸው። የቀረው በግምጃ ቤት የተቀመጠ ነው። አምስተርዳምን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደብረ ማርቆስ መምህር ወይም የጅማ ተማሪ፣ ወደ ከተማይቱ የሄደ ጎብኚ እንኳ የማያየውን ሊመለከት መቻሉ ታላቅ ነገር ነው። ሁለተኛም፣ ከመዝገብ ጋራ ያልተገናኘ ረዳት ከዚህም ከዚያም ከለቀመው ቃል ብቻ ስለሚናገር፣ ያልነበረ ሥዕል ፈጥሮ የሣዓሊ ስም ቢሰጠው የሚያርመው የለም። ከመዝገብ ጋራ የታሰረው ግን የዕቃውን ቁጥር ይሰጣል፤ ተጠራጣሪው ሰው በቁጥሩ ሄዶ መዝገቡን ከፍቶ ማመሳከር ይችላል። ምስክር ያለው ቃል ምስክር ከሌለው ቃል መብለጡን የማይቀበል የለም።

ነገር ግን ምስክሩ ራሱ ማን ነው? የክርክራችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይህ ቃል ጽሕፈትን ለማመስገን የተነገረ ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ የሚወረሰው እውነቱ ብቻ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ስሕተቱም፣ ንቀቱም፣ የጸሐፊው ዘመን አስተሳሰብም አብሮ ይወረሳል። ሲሞን ማሪስ የተባለው የሆላንድ ሣዓሊ በ1906 ገደማ ማራገቢያ የያዘች አንዲት ጥቁር ልጃገረድ ሥሎ ነበር። ሥዕሉ በራይክስሙዚየም መዝገብ ለረጅም ጊዜ ይጠራ የነበረው የልጅቱን ዘር ዝቅ አድርጎ በሚያሳይ ቃል ነው። ቤተ መዘክሩ በ2015 እንዲህ ያሉትን ስሞች ከመዝገቡ ለማስወገድ በጀመረው ሥራ ስያሜው ማራገቢያ የያዘች ወጣት ወደሚል ተለወጠ፤ ከጊዜ በኋላም ሥዕሉ «ኢዛቤላ» ተብሎ በሰው ስም ሊጠራ በቃ። በሸራው ላይ አንዲት የቀለም ነጥብ እንኳ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የመዝገቡ ቃል ነው። ሆኖም ስለዚህች ልጅ የሚጠየቅ ረዳት በአሮጌው መዝገብ ላይ ቢቆም ኖሮ ስለ አንድ ዘር ይተርክ ነበር፤ በአዲሱ ላይ ሲቆም ግን ስለ አንዲት ሰው ይተርካል። እንግዲህ ረዳቱ የሚያወርሰን የመዝገብ ጸሐፊውን ዓይን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ጉድለት ከመዝገቡ ሳይሆን ከረዳቱ ጠባይ የሚመጣ ነው። መዝገብ አጭር ነው፤ ረዳቱ ግን ዝምታን አይወድም። መዝገቡ በአንድ መስመር የተናገረውን እርሱ በዐሥር መስመር ያሰፋዋል፤ በዚህም መካከል የመዝገቡ ቃልና የእርሱ ጭማሪ እንደ ወተትና ውኃ ይቀላቀላሉ። ሬምብራንት በ1642 የሻምበል ፍራንስ ባኒንግ ኮክን የከተማ ዘበኞች የሣለበት ታላቅ ሥዕል «የሌሊት ዘብ» በመባል ይታወቃል። ይህ ስም ግን ሣዓሊው የሰጠው አይደለም፤ ቫርኒሹ በዘመን ብዛት ስለ ጠቆረና ቆሻሻ ስለ ለበሰ፣ የቀኑን ብርሃን ሌሊት የመሰላቸው ሰዎች በኋላ ያወጡለት ነው። የሥዕሉን ስም ብቻ ይዞ የሚናገር ረዳት ስለ ሌሊቱ ጨለማ ያማረ ሐተታ ቢያወጣ ማን ይከለክለዋል? ሐተታውን የሚሰማውስ ተማሪ የትኛው ቃል ከመዝገብ፣ የትኛው ከረዳቱ እንደ መጣ በምን ይለያል?

ለዚህ ችግር የሚሆን መልካም አብነት ከዚያው ሥዕል ታሪክ እናገኛለን። በ1715 ሥዕሉ ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ለቦታው እንዲመጥን በአራቱም ጎኑ ተቆርጦ ነበር፤ ቁራጮቹም ጠፍተዋል። ሆኖም ከመቆረጡ በፊት ኼሪት ሉንደንስ የተባለ ሣዓሊ በትንሹ የገለበጠው ቅጂ ተርፎ ስለ ነበር፣ ቤተ መዘክሩ በ2021 ይህን ቅጂ መነሻ አድርጎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የጎደሉትን ጎኖች በሬምብራንት አሣሣል አሠራቸው። የተሠሩትንም ቁራጮች በሸራው ላይ አልለጠፈም፤ የሬምብራንትን እጅ ሳይነካ በዙሪያው ለተወሰነ ጊዜ አቁሞ፣ ይህ ግምት መሆኑን ለተመልካች ነግሮ፣ በኋላ አነሣቸው። ተመልካቹ ጥንተ ሥራው የት እንደሚያበቃና ጭማሪው ከየት እንደሚጀምር በዓይኑ ያይ ነበር። በቀለም የተጠበቀው ይህ ጨዋነት በቃል የማይጠበቅበት ምክንያት የለም። ረዳቱም «መዝገቡ የሚለው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው የእኔ ነው» ብሎ ድንበሩን ሊያሳይ ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ እንዳይመስለን። በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ በጣና አካባቢ የተዘጋጀ፣ በሥዕል ያጌጠ የወንጌል መጽሐፍ ይገኛል። በመዝገቡ ከመጽሐፉ ስም ቀጥሎ፣ በሌላ ሥራ ላይ የሣዓሊ ስም በሚነበብበት ስፍራ፣ የሕዝብ ስም ይነበባል። የኛ ተማሪ «ይህን ማን ሣለው?» ብሎ ረዳቱን በአማርኛ ቢጠይቅ፣ መልሱ በአማርኛ ይመጣለት ይሆናል፤ የመልሱ ምንጭ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈው የኒው ዮርክ መዝገብ ነው። ቀለሙን የበጠበጠው፣ ብራናውን የፋቀው ሰው በዚያ መልስ ውስጥ የለም፤ ረዳቱም ሊፈጥረው አይገባም። ሐቀኛው መልስ «መዝገቡ የሚሰጠው የሕዝቡን ስም እንጂ የሣዓሊውን አይደለም» የሚል ነው። እንዲህ ያለው አጭር መልስ ተማሪውን ለምርምር ያነሣሣዋል፤ የተንዛዛው ሐተታ ግን ያስተኛዋል። ግእዝ አንብበው የመጽሐፉን ባሕርይ የሚያውቁ ሊቃውንት ደግሞ በሀገራችን አሉ፤ መዝገቡ ለማሽን ጥያቄ የተከፈተውን ያህል ለእነዚህ ሊቃውንት እርማትም ቢከፈት የተሻለ ይሆናል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ረዳቶችን ከቤተ መዘክር መዝገብ ጋራ ማገናኘት ሊነቀፍ የሚገባው ሥራ አይደለም፤ ሊታረም የሚገባው ግን ነው። ሠሪዎቹ የመዝገቡን ቃል ከጭማሪው ለይተው፣ መዝገቡ የተጻፈበትንና የታረመበትንም ጊዜ ጨምረው ማሳየት አለባቸው። መምህራን ተማሪው አስቀድሞ ሥዕሉን ራሱን ዝም ብሎ እንዲመለከት፣ ከዚያ ረዳቱን እንዲጠይቅ፣ በመጨረሻም መዝገቡን ከፍቶ እንዲያመሳክር ቢያለማምዱት፣ ማሽኑ አገልጋይ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ግን ተማሪው የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን የሰማውን ወሬ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ቅርስ የሚመዘግቡ ሠራተኞቻችንም ከእንግዲህ የሚጽፉት ለመደርደሪያ አለመሆኑን ይወቁ። «አንድ አሮጌ መስቀል» ብሎ መዝግቦ ማለፍ ድሮ ከአንድ ፋይል ውስጥ የሚቀር ስንፍና ነበር፤ መዝገቡ አፍ ሲያወጣ ግን ያችው ሐረግ በብዙ ቋንቋ ለብዙ ሺህ ጠያቂ ትደገማለች። የመስቀሉን ደብር፣ ሠሪውን፣ ዘመኑንና የሰጪውን ስም ጠይቆ የሚጽፍ መዝጋቢ ለሚመጣው ትውልድ መልስ እየጻፈ ነው።